ስክሪኑ የጠፋው ስልክ

ከአዘዞ ወደ ፀዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ ረዳቱ ደግሞ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛውን ይጠቀጥቃል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን በእጁ ይዟል። ስክሪኑ ድርግም ብሏል፣ ጥቁር ነው። ልጁ ግን አውራ ጣቱን በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቶሎ ቶሎ ያንሸራትታል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ያንሸራትታል።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ ስልክህ እኮ ጠፍቷል» አልኩት።

ሳቀ። አንዱን ኢርፎን ከጆሮው አውጥቶ አቀበለኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እንደ ጨረታ አጫራች የሚጣደፍ የማሽን ድምፅ ሰማሁ፤ እኔ ከአሥር ቃል ሁለቱን እንኳ አልያዝኩም።

«አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ያጨለምኩት» አለኝ። «ብርሃኑ ለኔ ምን ይሠራልኛል? ባትሪዬን ይበላል፤ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መልእክቴን ያነባል።»

ጉልበቶቹ መሀል ታጥፎ የተያዘውን ነጭ በትር ያየሁት ያኔ ነው። አፈርኩ። እሱ ግን ለምዶታል መሰለኝ፣ ጨዋታውን ቀጠለ። ትንሽ እንደሄድን፣ «እንግዲህ ከተዋወቅን አይቀር፣ ዓይንህን ለአንድ ደቂቃ አውሰኝ» አለና ስክሪኑን አበራልኝ።

ቴሌግራም ነው። የክፍላቸው ግሩፕ። ጣቱን አንድ መልእክት ላይ ሲያሳርፍ ስልኩ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ፎቶ»። «ከአራት ቀን በፊት የተለጠፈ ነው» አለኝ። «ከሥሩ ልጆቹ ‹እሺ›፣ ‹እናመሰግናለን› ብለዋል። ስለዚህ ቁም ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። አንድ ጓደኛዬን ጠይቄው ‹በኋላ አነብልሃለሁ› ብሎኝ ረሳው።»

ፎቶው ማስታወቂያ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ተንጋዷል፣ ክብ ማኅተሙ የመጨረሻውን መስመር ግማሹን ሸፍኖታል። አነበብኩለት። የድጋሚ ፈተና ምዝገባ ነው። የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር።

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አራት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበረ ማለት ነው» አለ።

ስልኩ ጥፋት የለበትም

ይህን ታሪክ የጻፍኩት እንድናዝን አይደለም። ሐዘን ለዚያ ልጅ ምንም አይሠራለትም። ነገሩን ሳሰላስለው ያስገረመኝ ሌላ ነው፦ ቴክኖሎጂው እጁ ላይ ነበር፣ ኢንተርኔቱ ነበር፣ መልእክቱም ደርሶታል። መንገዱ የተዘጋው በመጨረሻዋ አንዲት እርምጃ ላይ ነው። የዘጋው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማስታወቂያውን ከሰሌዳ ላይ በስልኩ አንስቶ ለጓደኞቹ ያካፈለ ደግ ልጅ ነው።

እስኪ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ልጁ የሚጠቀምበት ፕሮግራም በጥቅሉ ስክሪን ሪደር ይባላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ማለት ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስሙ ቶክባክ ነው፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር። ሁለቱም ስማርት ስልኮች ላይ የመጡት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገዛ ነገር አይደለም፤ አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ከመጀመሪያው አብሮ ተጭኗል። «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ብትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ለኮምፒውተር ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የጀመሩት ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው።

ስክሪን ሪደር ፊደል ሲያገኝ ያነባል። ፎቶ ሲያገኝ ግን ብዙ ጊዜ «ፎቶ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም። ለኛ ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፤ ለስልኩ ግን የጥቁርና የነጭ ነጠብጣቦች ክምር ነው። የድመት ፎቶና የፈተና ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ለሱ አንድ ናቸው። ከፎቶ ላይ ፊደል ለቅመው የሚያወጡ ፕሮግራሞች እንዳሉ እውነት ነው፤ አማርኛን የሚሞክሩም አሉ። ነገር ግን በስልክ ተነሥቶ የተንጋደደ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሲያጋጥማቸው ይደናገራሉ። የኛ ፊደል ደግሞ «ሰ»ን ከ«ስ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። የቀን ቁጥር አንድ ብቻ ቢሳሳት ሰውየው በማግስቱ ነው የሚደርሰው።

በጆሮ የተማረ አገር

ይህ ነገር በጎንደር ሲሆን የበለጠ ይገርማል። ይህ አገር ለዘመናት የተማረው በጆሮው ነው። በቅኔ ቤት መምህሩ ይናገራሉ፣ ተማሪው ይሰማል፣ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል፣ ጠዋት በቃሉ ይመልሳል። የቃል ትምህርት የሚባለው በሙሉ እንዲህ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማየት የማይችል ልጅ ከጓደኞቹ እኩል ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ በማስታወስ ይበልጣቸዋል። በየደብሩ ዓይነ ስውር መሪጌታ ማየት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። የተቆጠረለት ዓይን ፊቱ ላይ ያለው አይደለም።

ከዚያ ወረቀት መጣ፣ ሰሌዳ መጣ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መጣ። ትምህርት ከጆሮ ወደ ዓይን ሲሸጋገር የማያየው ልጅ ውጭ ቀረ። ያንን በር መልሶ የከፈተው ብሬል ነው፤ በጣት የሚነበበው ጽሑፍ። የአማርኛ ብሬል ግን የራሱ ሸክም አለው። «ላ» ለኛ አንድ ፊደል ነው፤ በብሬል ግን «ል»ና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ይረዝማል፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ መጽሐፉ ይገዝፋል። በቦርሳ የሚያዝ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ጥራዝ ይሆናል።

በዚያም ተምረው የወጡ አሉ። ወሎ ውስጥ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሴ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ የሕግ ባለሙያ ሆና፣ በ2017 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልማለች። የጎደለው ችሎታ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ደግሞ ስማርት ስልክ መጣና ትምህርቱን ወደ ጆሮ መለሰው። ጽሑፍ ሁሉ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ለዓይነ ስውር ልጅ ይህ የቅኔ ቤቱ ዘመን እንደ መመለስ ነው፤ ያውም ከነቤተ መጻሕፍቱ። ይህን ዕድል ይዘን ነው እንግዲህ ጽሑፉን በሙሉ ፎቶ እያነሣን የምንልከው።

ጥቂት ሰው አይደለም

«ስንት ሰው ነው ታዲያ?» የሚል ይኖራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ የሚሆነው መንሥኤ የዓይን ሞራ ነው፤ ትራኮማም ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የኛ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት ውስጥ ነው። ይህን ያነበበ የጎንደር ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የእናቱን እናት ዓይን ያስታውሳል።

በዓለም ደረጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት መነፅርን፣ ዊልቸርን፣ የመስሚያ መሣሪያንና እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ጨምሮ ቢያንስ አንድ አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 2.5 ቢሊዮን ናቸው። አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያስፈልጋቸውን የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ዊልቸር ውድ ነው፣ የመስሚያ መሣሪያ ውድ ነው። ስክሪን ሪደር ግን ነፃ ነው፣ ስልኩም እጃችን ላይ አለ። ከጎደለው ሁሉ በጣም ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ የምናበላሸው በገዛ እጃችን ነው።

ጎንደር የጀመረችው

ከተማችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ጉዳተኞችን ባሉበት ቀበሌና መንደር የሚደግፍ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም ካቋቋመ ቆይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የ10 ዓመት፣ የ24.2 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ጀምሯል። ዕቅዱ ለ450 ወጣቶች የትምህርት ዕድል መስጠት ነው፤ የፕሮጀክቱ ማዕከል ደግሞ የአካል ጉዳተኞች አካታችነት ነው። አንድ የክልል ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመራበት ዕድል በየቀኑ አይገኝም።

ግን ስኮላርሺፕ ተማሪውን በር ላይ ያደርሰዋል። ከበሩ በኋላ ያለው ሕይወት የሚኖረው በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። የክፍል ለውጥ፣ የፈተና ቀን፣ የ«ሾርት ኖት» ፎቶ፣ «ነገ ክላስ የለም» የሚለው ስክሪንሻት። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ሴሚስተር ስንቱ ትምህርት ነው በፎቶ የሚዞረው? የየትኛውም ግቢ አስተዳደር ይህንን ሊቆጣጠር አይችልም። ይህ የተማሪው የራሱ ሥራ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲደነግግ ሕንፃና መንገድን ብቻ አይልም፤ መረጃንና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በስም ይጠራል። ከዚያ በፊትም የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገራችን የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች። ይህ ስምምነት የታተሙ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ፣ ማለትም በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚነበብ ዲጂታል ጽሑፍ፣ አዘጋጅቶ ማቅረብ የቅጂ መብት ጥሰት እንዳይሆን የሚያደርግ ነው።

ስለ ራምፕ ሁላችንም እናውቃለን። ደረጃ ብቻ ያለው ባንክ ስናይ «ዊልቸር ያለው ሰው በየት ይግባ?» ማለት ጀምረናል። ጥሩ ነው። ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍም ያው ደረጃ ነው። ልዩነቱ ይህንን ደረጃ የሠራው ኮንትራክተር አለመሆኑ ነው፤ እኔና እናንተ ነን። ነገሮች ደግሞ ወደ ስልክና ኮምፒውተር እየገቡ ነው። ገንዘቡ በቴሌብር ሆኗል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንኳ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። አገልግሎቱ ዲጂታል በሆነ ቁጥር የሚነበብ ጽሑፍ ያላገኘ ሰው የሚቀርበት ነገር ይበዛል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዌብኤይም የተባለ ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የፊት ገጽ ይፈትሻል። በ2024 እ.ኤ.አ. 95.9 በመቶው ላይ ግልጽ የተደራሽነት ጉድለት አግኝቷል። ከዋናዎቹ ጉድለቶች መካከል ማብራሪያ የሌለው ፎቶና ከጀርባው ቀለም ጋር የሚመሳሰል ደብዛዛ ጽሑፍ ይገኛሉ። እኛ ግን በዚያ ላይ የራሳችን የሆኑ ችግሮች አሉን።

የአማርኛ ጣጣዎች

አንደኛው የድሮ ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ ይሥሉበታል። ዓይን «ሀ»ን ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነገር ነው የመዘገበው። እስከ ዛሬ በብዙ ቢሮ በነዚህ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች አሉ። ስክሪን ሪደር ሲያነባቸው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ነው የሚያወርደው። መፈተን ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ከወጣ ማየት የማይችለው ሰው የሚሰማው ያንን ነው።

ሁለተኛው ድምፁ ራሱ ነው። ስልኩ የአማርኛ ድምፅ ካልተጫነለት ቶክባክ አማርኛ ጽሑፍ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል በነፃ የሚጫን ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ሮቦት ሮቦት ይላል እንጂ ይሠራል። ማይክሮሶፍት ደግሞ አምሃና መቅደስ የተባሉ፣ ለሰው ድምፅ በጣም የቀረቡ የአማርኛ ድምፆችን አውጥቷል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይቸግራቸዋል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ ነው። «ገና» ሲላላ «ገና አልደረሰም» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንገምታለን፤ ማሽኑም መገመትን መማር አለበት። የኮምፒውተር ትምህርት የምትማሩ ልጆች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ጠፋን የምትሉ ካላችሁ፣ እነሆ።

ሦስተኛው የኛው የወጣቶቹ ነው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን። «ሰላም ነው» ብለን በፈረንጅ ፊደል የጻፍነውን ስልኩ እንደ እንግሊዝኛ ሊያነበው ይታገላል፤ የሚወጣው ድምፅ የየትም አገር ቋንቋ አይመስልም። ደርዘን ሙሉ የሳቅ ኢሞጂ ስንደረድር ደግሞ አንዳንዱ ስክሪን ሪደር እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ «በእንባ የሚስቅ ፊት፣ በእንባ የሚስቅ ፊት» ይላል። ቀልዱ ሳይሰማ ኢሞጂው ያልቃል።

የራሴ ቆጠራ

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ቶክባክን ከፈትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከ«ሴቲንግ» መውጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር። (ብትሞክሩት እንዳትደነግጡ፤ አንዴ መንካት ያነባል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ይከፍታል። በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለጥቂት ሰኮንድ አንድ ላይ መጫን ያጠፋዋል።) እንደምንም ብዬ አስተዳዳሪ የሆንኩበት የሰፈራችን ግሩፕ ውስጥ ገባሁ።

«ፎቶ»። «ፎቶ»። «ፎቶ»። ከመጨረሻዎቹ 20 መልእክቶች 13ቱ ፎቶ ነበሩ። ዓይኔን ገልጬ አየኋቸው። የሥራ ማስታወቂያ፣ የክትባት ዘመቻ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የጠፋ መታወቂያ። አንዱ የለቅሶ መርዶ ነበር። ከ13ቱ ዘጠኙን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ የዚያን ልጅ ጓደኞች በሆዴ እየወቀስኩ ነበር የመጣሁት።

ዛሬ ማታ የሚደረግ

ታዲያ ምን እናድርግ? ነገሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ማስታወቂያ በፎቶ ስትለጥፉ ከሥሩ ቁም ነገሩን በጽሑፍ አስቀምጡ። ሙሉውን መገልበጥ ባትችሉ እንኳ፣ ምን እንደሆነ፣ ለማን፣ እስከ መቼና የት የሚሉትን አራቱን ጻፉ። «የድጋሚ ፈተና ምዝገባ፤ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች፤ እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት፤ ሬጅስትራር ቢሮ» በቂ ነው። መጻፍ ካታከታችሁ ተናገሩት፤ ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ መጻፍ ያስችላል። እሱም ካልሆነ በድምፅ መልእክት አንብባችሁ ላኩት፤ ከፎቶው ይሻላል።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ፎቶ ስትለጥፉ የፎቶ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ፌስቡክ ራሱ በማሽን ሊገምት ይሞክራል፤ ነገር ግን «ጽሑፍ ያለበት ምስል ሊሆን ይችላል» ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ይህ ለማንም ምንም አይነግርም። አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ሾርት ኖት የምታዘጋጁ ልጆች፣ የጻፋችሁትን ስክሪንሻት አታድርጉት፤ ፋይሉን ራሱን ላኩ። ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ የምትናገሩትን ከሥር በጽሑፍ አውጡት፤ መስማት የተሳነው ሰው የሚያየው ያንን ነው። የምልክት ቋንቋ በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሆነ እንኳ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ድረ ገጽና አፕ የምትሠሩ፣ ሥራችሁን ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት ስክሪኑን አጨልማችሁ በቶክባክ ብቻ ሞክሩት። ስም የሌለው ቁልፍ ሲያጋጥመው «ቁልፍ» ብሎ ብቻ ያልፋል። አምስት «ቁልፍ» በተደረደሩበት ገጽ ላይ «ላክ» የሚለው የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ብላችሁ ብቻ እንደምታደርጉት አታስቡ። አንድ የግእዝ ፊደል በስልክ ላይ የሚይዘው ሦስት ባይት ነው። 500 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 1.5 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ያው ማስታወቂያ በፎቶ ሲሆን 150 ኪሎባይት እንኳ ቢሆን መቶ እጥፍ ዳታ ይበላል። ኔትወርክ በተንቀራፈፈ ቀን ጽሑፉ ይደርሳል፤ ፎቶው ይሽከረከራል። ጽሑፍ ይፈለጋል፣ ኮፒ ይደረጋል፣ ዓይኗ ለደከመ እናት ፊደሉ ይተልቃል። ከሦስት ወር በኋላ «ያ ማስታወቂያ የት ነበር?» ስትሉ ፎቶውን በፍለጋ አታገኙትም፤ ጽሑፉን ታገኙታላችሁ።

ፀዳ ላይ

ልጁ ፀዳ ላይ ወረደ። ረዳቱ ሳይናገር፣ እኔ ሳልነግረው፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው የሚንገጫገጭባትን ቦታ በደንብ ያውቃታል። በትሩን ዘርግቶ፣ ቢሮ ሄዶ ይለምናቸው እንደሆነ ስጠይቀው «እሄዳለሁ እንጂ፤ ምን አማራጭ አለኝ?» አለኝ። ተቀብለውት እንደሆነ አላውቅም፤ ስልኩን አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ግሩፕ ውስጥ አንዱ ልጅ የዕድር ማስታወቂያ ፎቶ ለጠፈ። ከሥሩ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ጻፍኩት። ሦስት ደቂቃ ወሰደብኝ። ወዲያው አንዱ፣ «ለምን ትደግመዋለህ? ፎቶው ላይ አለ እኮ» አለኝ።

«ፎቶውን የማያይ ሰው ሊኖር ይችላል» አልኩት።

«እኛ ግሩፕ ውስጥ? ማን?»

እኔም አላውቅም። 300 የሚሆን ሰው አለበት። ማንም ግን ከሥሩ «ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀም።